ሽማግሌ ያስታረቀው የዘይት ፊልትሮ

ሰው ስለ መኪና ሲያወራ እኔ ዝም ብዬ መስማት ነው የምወደው። ምን ብዬስ እናገራለሁ? መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ በዚያ ላይ ዓይነ አፋር ነኝ። ዓይነ አፋር ስል እንዲሁ ትንሽ የምታፍር ማለቴ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የወረድኩ፣ ወርጄም ቤቴ እዚያ ያለ ይመስል ቀጥ ብዬ የተራመድኩ ሰው ነኝ። አሁን ስለ ዘይት ፊልትሮ ለመጻፍ መቀመጤ ከማንም በላይ የሚገርመው እኔን ነው።

ፊልትሮ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የሞተር ዘይት ማጣሪያ ነው። ሻይ በማጥለያ እንደሚጠለለው ሁሉ ዘይቱም በእሱ ውስጥ እያለፈ ቆሻሻውን ይተዋል። እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር። አለማወቄም ኑሮዬን ምንም አላጎደለውም ነበር።

መኪናዋ የባለቤቴ አባት የጋሽ ይመር ናት። ከኋላ ሸራ የለበሰች አሮጌ ላንድሮቨር። ከእኔም ትበልጣለች፣ ከባለቤቴም ትበልጣለች፤ እቤት ውስጥ የሚሰጣትን ክብር ላየ ከእማማ ዘይነባም የምትበልጥ ይመስለዋል። እማማ ዘይነባ የባለቤቴ እናት ናቸው። ጋሽ ይመር ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ገና ልጅ እግር ነበሩ። መሬት ከተሰጣቸው፣ በሬ ከገዙ፣ ማንጎ ከተከሉ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ መኪኖቹን በሐራጅ ሲሸጥ ይቺን ገዙ። ሰፈራችን ከባምባሲ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ክረምት ሲገባ ባጃጁም ሚኒባሱም «በቃን» ብሎ ይቆማል። የታመመውን፣ ምጥ የያዛትን፣ ማንጎውን፣ ማዳበሪያውን ሁሉ ጭቃውን እየዋኘች የምታመላልሰው እሷ ናት። እሷ ብትሞት የሰፈሩ እግር ተቆረጠ ማለት ነው። ለጋሽ ይመር ደግሞ እግር ብቻም አይደለችም። ገበያ ውስጥ ሰው «ይመር» ብሎ አይጠራቸውም፣ «ባለ ላንድሮቨሩ» ነው የሚላቸው።

እኔ እዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባሁ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነበር። እነ ጋሽ ይመር ከአገራቸው ይዘውት በመጡት ልማድ ሙሽራ በባሏ አባት ፊት ድምፅ አታሰማም። ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ በቀስታ ትመልሳለች፣ ቀድማ ግን አትናገርም። ሌላዋን ሙሽራ ይሄ ልማድ ያስለቅሳታል አሉ። ለእኔ ግን እረፍት ነበር። ዕድሜ ልኬን በራሴ ፈቃድ ስፈጽመው የኖርኩትን ነገር ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» እያለ ያመሰግነኝ ጀመር። ጋሽ ይመርን ምን ብዬ እንደምጠራቸው እንኳን አልወሰንኩም ነበር። ምሳ መድረሱን ለመናገር ሳህን በማንኪያ አንኳኳለሁ። እሳቸውም «እሽ» ይላሉ። በሳህንና በ«እሽ» ሰላም ኖረን።

ታዲያ አንድ ቀን ወደ አሶሳ ልሄድ ስነሳ የመኪናዋ መካኒክ ኡስታ ባበክር ጠጋ አሉኝ። የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እኔም በርታኛ ከሰላምታ አላልፍም፣ ስለዚህ ተቻችለናል።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንተ አሶሳ ትሄዳለህ አይደል? ፊልትሮ አምጣ። አዲሱን፣ ዘመናዊውን፣ ማገናኛ ብረት ያለውን። የድሮውን ተወው።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። በሩን ሳልወጣ ጋሽ ይመር ጠሩኝ።

«አንች ልጅ፣ ፊልትሮ ታመጫለሽ። ኦርጅናሉን። ባበክር ሌላ ነገር ቢልሽ አትስሚው።»

ለእሳቸውም አንገቴን ነቀነቅሁ። አንገት ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ለሁሉም ይነቀነቃል።

አሶሳ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ውስጡ በወንድ ተሞልቷል። ጥግ ይዤ ቆምኩ። እኔ ከገባሁ በኋላ የመጣው ሁሉ እየገዛ ወጣ። በመጨረሻ ባለሱቁ ራሱ አዘነልኝ።

«የምን መኪና ነው እህቴ?»

«የአማቴ።»

ሳቁን ዋጠው። «ያማትሽ መሆኑ ጥሩ ነው። ዓይነቷን ማለቴ ነው።»

«ላንድሮቨር።»

«ሞዴሏስ?»

«አሮጌ።»

«አሮጌ የሚባል ሞዴል የለም፣ ሙሽሪት።»

በምን እንዳወቀ እንጃ። መቼም እጄ ላይ ያለው ሂና ሳይነግረው አልቀረም። ከዘንቢሌ ኡስታ ባበክር ለናሙና የሰጡኝን አሮጌ ማጣሪያ በፌስታል እንደጠቀለልኩት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ፌስታሉ ተቀዷል ለካ። ጥቁሩ ዘይት ቀስ ብሎ ወጣና የባለሱቁን የሂሳብ ማሽን ከበበው። በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግ ስል «ተይው፣ ተይው፣ ነጠላሽን!» ብሎ ጮኸ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ከዚያ ሁለት ዕቃ አስቀመጠልኝ።

«ይሄ ኦርጅናሉ ነው። መኪናዋ ስትሠራ የነበረው ዓይነት። ወረቀቱ ብቻ ነው፣ የብረት ጣሳው መኪናዋ ላይ አለ፤ ጣሳው ይታጠብና ይሄ ውስጡ ይገባል። ከሱዳን በኩል የመጣ ነው፣ አሁን አይገኝም። ብቻ እውነቱን ልንገርሽ፣ መደርደሪያ ላይ ብዙ ተቀምጧል። ይሄኛው ደግሞ ዘመናዊው። ጣሳው ይወጣና በቦታው ይሄ ማገናኛ ብረት ይታሰራል፣ ፊልትሮውን በእጅሽ እያዞርሽ እንደ ጠርሙስ ክዳን ማሰር ነው። የትም ይገኛል። ከየትኛው ልስጥሽ? ኦርጅናል ወይስ ዘመናዊ?»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ስል ሰው ያፈርኩ ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ጊዜ ግን እያሰብኩ ነው።

እኛ አገር ሁሉም ሰው ኦርጅናል ይፈልጋል። ቻርጀር ሲገዛ «ኦርጅናል ነው?» ይላል። ማር ሲገዛ «ኦርጅናል ነው?» ይላል። ሻጩም «ኦርጅናል ነው» ይላል፣ ምን ሊል ኖሯል? ግን ኦርጅናል ምንድን ነው? መጀመሪያ የነበረው? ወይስ አሁን የሚሠራው? እኔ ራሴን ወሰድኩ። አባትና እናቴ ከወሎ ናቸው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ነው፣ ጥርሴን የነቀልኩት የአሶሳ ማንጎ እየበላሁ ነው። አንዴ ወሎ ዘመድ ጥየቃ ብንሄድ «የአሶሳዋ መጣች» አሉኝ። እዚህ ደግሞ ስንት ዓመት ብንኖርም «ሰፋሪዎቹ» ነን። እንግዲህ እኔን አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ቢጠይቅ ከየትኛው መደርደሪያ ነው የሚያወርዱኝ?

ይሄን ሳስብ ባለሱቁ «እህቴ?» አለ። እህቴ ያለው ለስንተኛ ጊዜ እንደነበር አላውቅም።

«ሁለቱንም» አልኩ።

ይኸው ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። መምረጥ ያቃተው ሰው ሁለቱንም ይዞ ቤት ይገባል፣ ጠቡም አብሮት ይገባል።

በማግስቱ ኡስታ ባበክር መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ላንድሮቨሯ ማንጎው ጥላ ሥር ቆማለች። ሁለቱን ዕቃ ጎን ለጎን አስቀመጥኩና ዞር ለማለት ስሞክር ጋሽ ይመር «የስልክሽን መብራት አብሪ፣ ያንች እጅ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። የሚንቀጠቀጠው ድምፄ እንጂ እጄ አይደለም፣ ልክ ናቸው። ኮፈኑ ሥር መብራት ይዤ ቆምኩ።

«እኔ ውስጡን የማላየውን ነገር ሞተሬ ላይ አላስርም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ይመር። «የድሮው ጣሳ ሲፈታ ሆዱ ይታያል። የብረት ብናኝ ካለበት ታየዋለህ፣ ሞተርህ ምን እንዳመመው ትረዳለህ። ያንተ ቆርቆሮ ምን ይነግርሃል? እንደተዘጋ መጥቶ እንደተዘጋ ይጣላል!»

«ያ ይመር» አሉ ኡስታ ባበክር፣ «የድሮው ሲፈታ ዘይት እዚህ ክርን ድረስ ይወርዳል። እሺ፣ እሱንም ልተወው። ወረቀቱ ደርቋል፣ ሱቅ ውስጥ ሽበት አብቅሏል። መኪና ሲያድር ዘይቱ ከጣሳ ይወርዳል፣ ጠዋት ሞተሩ ደረቁን ይነሳል፣ ቀቀቀቀ ይላል። አዲሱ ውስጡ መዝጊያ አለ፣ ዘይቱን ይይዛል። ኻላስ!»

«ቀቀቀ የሚለው ዕድሜዋ ነው! አንተስ ጠዋት ስትነሳ ጉልበትህ ቀቀቀ ይል የለ?»

«የኔ ጉልበት ኦርጅናል ነው!»

«እኮ! ኦርጅናል ስለሆነ አይደል እስካሁን የሄድክበት!»

እዚህ ላይ ቢስቁ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። አልሳቁም። ኡስታ ባበክር መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ ወረወሩት። «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ይሄን መኪና አልነካም» ብለው ሄዱ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደነገጠ። የዚያችን መኪና ጠባይ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። በሽቦ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ፣ አንዳንዴም በቁጣ ብቻ ነው የሚያስነሷት። ጋሽ ይመርም ምሳ አልበላ አሉ፤ ሳህኑን ባንኳኳ «እሽ» የሚለኝ ጠፋ። ሆምሻ ያገባች ልጃቸው ወልዳ ቤተሰቡ ሊጠይቃት የተዘጋጀው ደግሞ በዚያው ሳምንት ነበር።

መቼም እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲጣላ ወደ ሽማግሌ ነው። የተጣሉት በበሬ ይሁን በፊልትሮ ልዩነት የለውም። ከሰፋሪው አንድ፣ ከበርታው አንድ ሽማግሌ ተጠርተው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አንደኛው በሬ አላቸው፣ ሌላኛው አህያ አላቸው። ሞተር ያለው ነገር በሁለቱም ቤት የለም። የሁለቱንም ወገን ቃል ፂማቸውን እየደባበሱ ሰሙ። ጣሳውንም፣ ቆርቆሮውንም እያገላበጡ አዩ። አንደኛው ወረቀቱን አሸተቱት። ጥቂት ተነጋገሩና ፈረዱ።

«ይመር ያለው እውነት ነው» አሉ። «ባበክር ያለውም እውነት ነው። የአንዱ ብቻ ከገባ ሌላው ያዝናል። ስለዚህ ፊልትሮው የባበክር ይሁን። ይሄ ጣሳው አፍ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት ግን የይመር ነው፣ ከመኪናዋ ጋር የተወለደ ነውና አይነቀል።»

«አዲሱ ብረት የራሱ ቀለበት አለው» አሉ ኡስታ ባበክር።

«እሱም ይግባ። ማን ከለከለው?»

ኡስታ ባበክር አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ጋሽ ይመርን አዩ፣ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ገና አሁን ታርቀው እንዴት እንደገና ይጣሉ? ዱዓ ተደረገ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ሥራ ተጀመረ።

መብራቱን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም አይቻለሁ። የድሮው ቀለበት ጠቁሮ፣ ተጨፍልቆ፣ ከብረቱ ቦይ ውስጥ እንደተጣበቀ ቀረ። አዲሱ በላዩ ላይ ተደረበ። ከዚያ ማገናኛ ብረቱ በሁለቱ ላይ ታሰረ። እኔ ደግሞ ውኃ በጀሪካን ስቀዳ ያደግሁ ነኝ። የጀሪካን ክዳን ላይ አንድ ላስቲክ ሲደረግ ይይዛል፣ ሁለት ሲደረብ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ልብስ ያርሳል። ይሄን የማታውቅ ውኃ ቀጂ ልጅ የለችም። ግን ማን ፊት ነው የምናገረው? ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ኡስታ፣ አንድ የባል አባት። አራት ጥምጣም በአንድ ኮፈን ሥር! በዚያ ላይ እርቅ ወርዷል። ሙሽራዋ ተነስታ «እርቃችሁ ያፈሳል» ልትል?

ሞተሩ ተነሳ። ምንም አላንጠባጠበም። «አላህ ይስጥልን» ተባባሉ። እኔም ልብሴን ከማራስ ሌላ የማያውቅ ጭንቅላቴን ታዘብኩት።

የሆምሻው ቀን ደረሰ። ጋሽ ይመር መሪውን ያዙ፣ እማማ ዘይነባ ጎናቸው ጋቢና ገቡ፤ ባለቤቴ በሬዎቹን ሊጠብቅ ቤት ቀርቷል። ከኋላ እኔ፣ ጎረቤታችን እማማ ብርቄ፣ ለወላዷ የተያዘው የገንፎ ዱቄትና ቅቤ፣ ማንጎ በጆንያ፣ እንዲሁም አንዲት ፍየል። ፍየሏ ወደ ፊት፣ ከጋቢናው የኋላ መስታወት አጠገብ ታስራለች። ገና ስንነሳ መስታወቱን በቀንዷ ድም፣ ድም፣ ድም ታደርገው ጀመር። ጋሽ ይመር አንድ ሁለቴ ቆመው «ምንድን ነው?» አሉ፤ እማማ ዘይነባ «ፍየሏ ናት፣ ዝም ብለህ ንዳ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢያንኳኳ ፍየሏ ናት ማለት ነው።

አሶሳ ለስኳር ቆምን። ስወርድ ከመኪናዋ ሥር አንድ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ትንሽ ናት። ጋሽ ይመር ዘይት ጠብ ሲል «ላቧ ነው» ነው የሚሉት፣ ለዚህም ሲሉ ሁልጊዜ ዘይት በጀሪካን ይይዛሉ። ላቧ ይሆናል ብዬ ተሳፈርኩ።

ከአሶሳ ወጥተን የሆምሻን መንገድ ስንይዝ እኔ ከኋላ ጫፍ ተቀምጫለሁ፣ ፊቴ ወደመጣንበት ነው። ቀይ አፈር ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ተከትሎን ይመጣል። መጀመሪያ የተቆራረጠ ነበር። አንድ ዳገት ስንወጣ ቀጠለ። ሁለተኛውን ስንወጣ ወፈረ። የሙሽራ ፀጉር ሲከፈል እንደሚታየው መስመር ቀጥ ብሎ መሐል መንገዱን ከፈለው።

ባለቤቴ አንዴ ነግሮኛል፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ውስጡ ብረት በብረት እየተፋጨ ይነክስና እዚያው ይቀራል፣ እንደዚህች ያለ አሮጌ ሞተር ደግሞ አንዴ ከነከሰ የሚያድነው የለም። የዘይቱ ምልክት መብራት እንዳይባል ገና እኔ ሳልወለድ የተቃጠለ ነው። ጋቢና ያሉት ምንም አያውቁም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ፊት ተስቤ መስታወቱን አንኳኳሁ። ፍየሏም አብራኝ አንኳኳች። ጋሽ ይመር ማርሽ ቀይረው ነጎዱ።

«እማማ ብርቄ» አልኩ በቀስታ፣ «የሞተሩ ዘይት እየፈሰሰ ነው። ለእሳቸው ቢነግሩልኝ?»

እማማ ብርቄ ወደ ኋላ አንገታቸውን አስግገው መስመሩን አዩት። «ውይ! እውነትሽን ነው። ይሄ ሰውዬ ሞተሩን ሊገድለው ነው።» ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ይንገሩልኛ።»

«እኔ? እኔማ ከሱ ጋር አልነጋገርም።»

«ለምን?»

«የማንጎዬን ቅርንጫፍ ‹ሸራዬን ይቀድብኛል› ብሎ ሳያስፈቅደኝ ቆርጦታል። ቀድሞ እሱ ካልተናገረኝ እኔ አልናገረውም።»

«ታዲያ መኪናቸው ላይ ተሳፍረው…»

«ዘይነባ ናት የጠራችኝ፣ እሱ አይደለም። አንቺ ለምን አትነግሪውም?»

«እኔማ ሙሽራ ነኝ።»

«አዎ፣ ለነገሩ ነውር ነው» አሉ እማማ ብርቄ፤ አዘኑልኝ። ሁለታችንም መስመሩን እያየን ቁጭ አልን። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ምላስ ይዘን! የሚያንኳኳልን ፍየሏ ብቻ ናት፤ እሷም አልታመነችም።

ያኔ የመጣብኝን ሐሳብ አልረሳውም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በመኪናዋ ጉዳይ እጁ ያለበት ሁሉ ልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰው እንዳያዝን ብለው ነው። ኡስታ ባበክር እርቁ እንዳይፈርስ ብለው ነው። እማማ ብርቄ ክብራቸው ነው። እኔም ጨዋነቴ ነው። አንዳችንም አላጠፋንም፣ ዘይቱ ግን ይፈሳል። ዘይት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

ሦስተኛው ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሰው ጉሮሮው ሲደርቅ የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ። በሸራው ጎን ራሴን አወጣሁ። ግን ምን ብዬ ልጥራቸው? ሳህን የለ፣ ማንኪያ የለ። አፌ ውስጥ ስም ፈለግሁ። ጋሽ ይመር እንዳልል የባል አባት በስም አይጠራም። ነፋሱ ሻሼን ወደ ትከሻዬ ገፈፈው።

«አባባ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባባ፣ ያቁሙ! ሞተሩ ሊሞት ነው!»

የጮኽኩት እኔ መሆኔን ለማመን ራሴም ዞር ብዬ አይቻለሁ። ፍየሏ ዝም አለች። መኪናዋ ቆመች፣ ሞተሩም ጠፋ። እማማ ዘይነባ ከእንቅልፋቸው ባንነው «ማንን አሳፈርክ? የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ይመር ወርደው ወደ ኋላ መጡ። እማማ ብርቄን አዩ፣ ፍየሏን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንች ነሽ?»

«አዎ።»

«ይሄ ሁሉ ድምፅ ያንች ነው?»

እጄን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ። መስመሩን አዩት። ፊታቸው አፈር መሰለ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ እጃቸውን ከሥር ሰደዱና ጥቁር ዘይት ጨብጠው አወጡ። «አዲሱ ነው! ብያለሁ እኮ፣ አዲሱ ነው!» አሉ። ግን ሲናገሩ ደስ አላላቸውም። ድምፃቸው መርዶ ሊያረዳ እንደመጣ ሰው ድምፅ ነበር።

አንዴ ከጮኹ ወዲያ ዝምታው ይከብዳል ለካ። «አዲሱ አይደለም» አልኩ። «ቀለበቱ ሁለት ስለሆነ ነው። የድሮው ከሥር አለ፣ አዲሱ ላዩ ላይ ነው። ተንሸራትቷል።»

«አይተሻል?»

«መብራት ይዤ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?»

መልሱ ራሳቸው ገብቷቸው መሰለኝ ጥያቄውን አልደገሙትም። መፍቻ አወጡ፣ ብረቱን ፈቱ። አዲሱ ቀለበት በአንድ ጎን ምላሱን አውጥቶ ይታያል። የድሮው ቦዩ ውስጥ እንደ ብረት ደርቆ ተቀምጧል። ጣታቸው ወፍራም ነው፣ አልገባላቸውም። ካቻቢቴው እየተንሸራተተ ብረቱን ጫረው። የሻሼን መርፌ ነቅዬ ተጠጋሁ። ቦታውን ለቀቁልኝ።

«ቆይ» አሉ፣ መርፌው ሊነካው ሲል። «ሽማግሌ ‹አይነቀል› ብሎ ፈርዷል። ከሷ ጋር የመጣ ነው። እኔ ስገዛት ይሄ ጎማ ነበረ። የትኛው ይውጣ ትያለሽ?»

የሚጠይቁኝ እኔን ነበር።

«የድሮው ከድሮው ጣሳ ጋር ልክ ነው፣ አባባ። አዲሱ ከአዲሱ ብረት ጋር ልክ ነው። ቤት ስንገባ ከፈለጉ ሁሉንም ወደ ድሮው ይመልሱት፣ ጣሳውም ወረቀቱም አለ። ሁለቱን አንድ ቦይ ውስጥ ግን አይሆንም። ዛሬ የያዝነው አዲሱን ብረት ነው። የድሮው ይውጣ።»

«ሽማግሌዎቹስ ምን ይላሉ?»

ይሄኔ እማማ ብርቄ ከኋላችን ፈነዱ። «ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሰው ነው! ጎማ አስታርቁ ያላቸው ማን ነው? ያንተ ሞተር ሊነክስ ነው፣ አንተ ይሉኝታ ትቆጥራለህ! ይልቅ ልጅቷን ስማት!»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩዋቸው። «ብርቄ፣ ተናገርሽኝ እኮ!»

እማማ ብርቄ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ለሞተሩ ብዬ ነው» አሉ። ግን አመለጣቸው፤ እማማ ዘይነባ ጋቢና ውስጥ ሆነው ሲስቁ መኪናዋ ትወዛወዝ ነበር።

መርፌዬን ከቀለበቱ ሥር አስገብቼ ቀስ በቀስ ቦዩን ዞርኩት። ቁርጥራጭ፣ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። ለካ ድሮ ደርቆ ጎማነቱን ትቶ ነበር፣ የያዘው ቦታውን ብቻ ነው። ጋሽ ይመር ቁርጥራጮቹን መዳፋቸው ላይ ተቀበሉኝ። አልጣሉትም። ትንሽ ጊዜ ሲያዩት ቆዩና መንገድ ዳር ካለ የቀርከሃ ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጡት። ለምን እንዳዘንኩ አላውቅም፣ እኔም አዘንኩ።

አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቼ ባዶው ቦይ ውስጥ አስተኛሁት። ልክክ አለ። እሳቸው አሰሩት፣ ከጀሪካኑ ዘይት ሞሉ። ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩ አንዴ ተንጎራጎረ፣ ሁለቴ ተንጎራጎረ፣ ከዚያ የለመደውን ዜማ ያዘ። ከሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ አዲስ ጠብታ የለም። በሻሼ ጫፍ ዳስሼ አየሁ፣ ደረቅ ነው። ወደ ቦታዬ ወጣሁና ከፍየሏና ከእማማ ብርቄ መሐል ተቀመጥኩ።

መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ጋሽ ይመር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላ ዞረዋል። እማማ ዘይነባን አላዩም፣ እማማ ብርቄንም አላዩም።

«ልሂድ?» አሉ።

መንገዱን አየሁ። ጥቁሩ መስመር ከሥራችን ቆሟል፣ ከፊት ያለው አፈር ቀይ ነው።

«ይሂዱ» አልኩ፤ ሦስቱም ሰሙኝ።